ፈቃዱ ማንን ይጠብቃል?

ዓርብ ረፋድ ላይ የፔታ ቲክቫዋ ሰፈር ራማት ቬርበር ትጣደፋለች። ሰንበት ከመግባቱ በፊት የሚገዛው መገዛት፣ የሚጋገረው መጋገር አለበት። ከፎቅ ቤቶቹ ደረጃ የቁሌት ሽታ ይወርዳል። ነጠላ ያጣፉ እናቶች የዕቃ ጋሪያቸውን እየጎተቱ ይመለሳሉ። ልጆች በዕብራይስጥ ይጠይቃሉ፣ አያቶች በአማርኛ ይመልሳሉ። በዚህ ሰዓት እንጀራ በሁለት መንገድ ወደ ማዕድ ይሄዳል። አንዱ በላስቲክ ታሽጎ፣ የአምራቹ ስም ታትሞበት፣ ከሱቅ መደርደሪያ ይነሳል። ሌላው በስልክ ታዝዞ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከአንዲት እናት ወጥ ቤት ይወጣል። የመጀመሪያው ፈቃድ አለው፤ ሁለተኛው የለውም።

ጋጋሪዋ እናት ይህን አያውቁም ማለት አይደለም። ምግብ አምርቶ መሸጥ የጤና ሚኒስቴርን ፈቃድ እንደሚጠይቅ፣ ቤት ውስጥ ያለው ምጣድ ደግሞ ለዚያ እንደማይበቃ ነግረዋቸዋል። ፈቃዱን ለማግኘት ለብቻው የተሠራ ክፍል፣ ማቀዝቀዣ፣ የሚታጠብ ግድግዳና ወለል ያስፈልጋል። ያ ሁሉ ደግሞ ሃያ ሰው ከሚያዝዘው እንጀራ አይወጣም። እጃቸው ምጣድ የለመደው ገና በልጅነታቸው ጎንደር ውስጥ መሆኑን፣ እስካሁንም የታመመባቸው ሰው አለመኖሩን ይናገራሉ። ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ፎቁ ሥር መኪናውን ያቆመ የሞኒት ሹፌር ሌላ ሸክም አለው። መኪናው የራሱ ነው፤ ታክሲ ሆኖ እንዲሠራ የሚያስችለው ቁጥር ግን የሌላ ሰው ነው። ያን «ሚስፓር ያሮክ» (አረንጓዴ ቁጥር) በየወሩ ይከራያል። ለልጆቹ ዳቦ ከማሰቡ በፊት ኪራዩን ማሰብ አለበት።

የሁለቱ ችግር ለየብቻ ሲታይ ጥቃቅን ይመስላል። ግን ከእስራኤል አንጋፋ ሕገ መንግሥታዊ ክርክሮች ከአንዱ ጋር ይገናኛል። መንግሥት አንድን ሰው «ያለ ፈቃድ አትሠራም» ሲለው የሚጠብቀው ማንን ነው? ደንበኛውን ነው ወይስ ቀድሞ ገበያው ውስጥ የገባውን ነጋዴ? በእስራኤልም፣ በጀርመንም፣ በአሜሪካም ዳኞች በዚህ ጥያቄ ብዙ ተከራክረውበታል። በአማርኛ የሚያነበው ወገናችን ስለ ውጤቱ የሰማው ግን ጥቂት ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሬት የተነፈገው እጅ

ይህን ጥያቄ ለቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ አዲስ አድርጎ ማቅረብ ታሪክን መርሳት ነው። በአገር ቤት ሲነገር የኖረው ትውፊት በ15ኛው መቶ ዘመን ወደነበሩት ወደ አፄ ይስሐቅ ይወስደናል። ንጉሡ የተጠመቀ ርስት ይወርሳል፣ ያልተጠመቀ ግን ርስት አይኖረውም ብለው እንዳወጁ ይተረካል። ርስት ያጣ ገበሬ በሰው መሬት ጭሰኛ ይሆናል፤ አለዚያ ከመሬት ውጭ የሚኖርበትን ጥበብ ይማራል። ወንዶቹ ብረት ቀጥቅጠው ማረሻና ማጭድ ሠሩ፣ ሸመኑ፣ ግንብ ገነቡ። ሴቶቹ ጭቃ አቡክተው እንስራና ድስት አበጁ። ጎንደርን ያነጹ እጆች መካከል የእነሱ እጅ እንዳለበት ታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ።

ግን ሥራው ክብር አላመጣላቸውም። ገበሬው ያለ እነሱ ማረሻ ማረስ፣ ሚስቱም ያለ እነሱ ድስት ወጥ መሥራት አይችሉም ነበር። እንዲያም ሆኖ ቀጥቃጩ «ቡዳ» ተባለ። አንድ ሕዝብ በየትኛው ሙያ እንዲኖር ሌላው ሲወስንለት ከኑሮው አልፎ ስሙንም እንደሚነካ ከወለቃ መንደር የመጣ ሽማግሌ ሳይማር ያውቀዋል። ስለዚህ የሥራ ነፃነትን ጉዳይ የጠበቆችና የባለሀብቶች ብቻ አድርጎ መተው ለዚህ ማኅበረሰብ አይሆንም የምለው በግምት አይደለም።

> ርስት የተነፈገ ሕዝብ የሥራ ነፃነት ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም።

መዝገብ ቁጥር አንድ

የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ በሰፊው «ባጋጽ» የምንለው፣ በ1949 የዓመቱን የመጀመሪያ ቁጥር የሰጠው መዝገብ ስለ ሥራ ነበር። የቤዘራኖ መዝገብ ይባላል። አመልካቾቹ እኛ ጉዳይ አስፈጻሚ የምንላቸው ዓይነት ሰዎች ናቸው። መኪና ያለው ሰው በፈቃድ መስጫው መሥሪያ ቤት ወረፋ እንዳይጉላላ ወረቀቱን ይዘውለት ይገባሉ፣ አስጨርሰው ይወጣሉ፣ ዋጋቸውን ይቀበላሉ። አንድ ቀን ፖሊስ በሩን ዘጋባቸው።

አገሪቱ ሕገ መንግሥት አልነበራትም፤ ዛሬም በአንድ ሰነድ የተጠቃለለ የላትም። ለአመልካቾቹ የሚጠቀስላቸው አንቀጽ አልነበረም። ዳኞቹ ግን አንቀጽ አልፈለጉም። ሕግ በግልጽ ያልከለከለውን ሥራ መሥራት የማንኛውም ሰው የተፈጥሮ መብት ነው፣ በየትኛውም መጽሐፍ ባይጻፍም አለ፣ ብለው ለአመልካቾቹ ፈረዱ። በሩ ተከፈተ። እኔን ከፍርዱ ይበልጥ የሚማርከኝ የአመልካቾቹ ማንነት ነው። ሚኒስትር ወይም ኩባንያ አይደሉም፤ በወረፋ መካከል ዕለት ጉርሳቸውን የሚለቅሙ ሰዎች ናቸው። የባጋጽ የ1949 ቁጥር አንድ መዝገብ የእነሱ ሆነ።

ፍርዱ ግን አንድ ድክመት ነበረበት። መብቱ የሚጸናው «ሕግ እስካልከለከለ» ድረስ ነው። ፖሊስ ያለ ሕግ በር ሲዘጋ ፍርድ ቤቱ ይከፍታል። የአገሪቱ ፓርላማ፣ ክኔሴት፣ በሕግ በር ቢዘጋስ? ለዚህ መልስ ለማግኘት ከአርባ ዓመት በላይ ፈጀ።

ሕግ በሕግ ሲመዘን

በመጋቢት 1992 ክኔሴት ሁለት መሠረታዊ ሕጎችን አወጣ። አንዱ ስለ ሰው ክብርና ነፃነት፣ ሌላው ስለ ሥራ ነፃነት ነው። የኋለኛው በ1994 ተሻሽሎ እንደገና ወጣ። ማንኛውም የእስራኤል ዜጋ ወይም ነዋሪ በመረጠው ሥራ፣ ሙያ ወይም ንግድ ሊሰማራ ይችላል ይላል። ይህን መብት መንካት የሚችል ሕግ ተገቢ ዓላማ ሊኖረው፣ ከአገሪቱ እሴቶች ጋር ሊስማማ ይገባል፤ ከሚያስፈልገውም በላይ ማለፍ የለበትም። ሕጉ ራሱ የሚለወጠው በክኔሴት አባላት አብላጫ ድምፅ ብቻ ነው፤ ቢያንስ 61 እጅ ማለት ነው።

የ1994ቱ ለውጥ የመጣው በሥጋ ምክንያት ነው። የበረደ ሥጋ ከውጭ ማስገባት ከመንግሥት እጅ ወጥቶ ለግል ነጋዴ ሲለቀቅ ኮሸር ያልሆነ ሥጋስ ይግባ ወይ የሚል ክርክር ተነሣ። ሚትራኤል የተባለ አስመጪ ኩባንያ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፍርድ ቤቱም መከልከሉ የሥራ ነፃነትን ይነካል አለ። ፖለቲከኞቹ በጥድፊያ ባደሱት መሠረታዊ ሕግ ውስጥ ክኔሴት በ61 ድምፅ፣ ለአራት ዓመት ያህል፣ መብቱን ማለፍ የሚችልበትን ቀዳዳ ከፈቱ። የሥጋው ሕግ በዚያ ቀዳዳ አለፈ። ዛሬ በእስራኤል ፖለቲካ ሰውን አደባባይ ስለሚያወጣው የ«ሕግ ማለፊያ አንቀጽ» ስንሰማ ምንጩ ከሥጋ ገበያ መሆኑን ብዙዎቻችን አናስታውስም።

በ1995 ያው ፍርድ ቤት በይግባኝ በቀረበለት በባንክ ሚዝራሒ ጉዳይ መሠረታዊ ሕጎችን የሚቃረን ሕግ ሊሽር እንደሚችል አወጀ፤ በዚያ መዝገብ ግን ምንም አልሻረም። በተግባር የሻረው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም የተሻረው ስለ ሙያ ፈቃድ የሚናገር ድንጋጌ ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የሰው ገንዘብ ተቀብሎ በአክሲዮንና በቦንድ ላይ የሚያስተዳድር ሰው ፈቃድ አያስፈልገውም ነበር። በ1995 የወጣ ሕግ ከእንግዲህ ፈተና ተፈትኖ ፈቃድ ያወጣ ብቻ ይሠራል አለ። ሰባት ዓመት የሠሩትን ከፈተናው ነጻ አወጣቸው፤ ከዚያ በታች የሠሩትን ግን በፈተናው ረገድ ሥራውን ዛሬ ከሚጀምር ሰው ጋር እኩል አስቀመጣቸው። አምስትና ስድስት ዓመት በሥራው የቆየ ሰው ቤተሰቡን የሚያስተዳድርበትን ሙያ ለማቆየት እንደ ተማሪ ለፈተና መቀመጥ ነበረበት። የሙያው ማኅበር ከሰሰ።

በአሮን ባራክ የሚመራው ችሎት በመስከረም 1997 ፈረደ። ፈቃድ መጠየቁን ጥሩ ነው አለ፤ የሰው ቁጠባ ይጠበቃልና። ለአዲስ ገቢዎች ፈተና መኖሩንም ተቀበለ። ሙያው ውስጥ ለዓመታት የቆዩትን ግን ያለ በቂ መሸጋገሪያ በፈተና ማስቆም ከሚያስፈልገው በላይ ነው ብሎ ያን ድንጋጌ ሻረው። ፍርዱ አንድን ሕግ ለሁለት የከፈለ ነው። ደንበኛውን የሚጠብቀውን ክፍል አጸናው፣ ገንዘብ የሚያስተዳድረውን ሰው ያለ ምክንያት የሚገፋውን ክፍል ጣለው። ይህን አከፋፈል ልብ ይሏል፤ ወደ ሞኒት ሹፌሩ ስንመለስ ያስፈልገናል።

ከዚያ በኋላ የመጡት መዝገቦች ጥቂት ቢሆኑም መልክ አላቸው። በ1999 ባጋጽ የትምህርት ሚኒስቴርን አንድ መመሪያ ሻረ። መመሪያው የመማር ችግር ያለባቸውን ልጆች ለባግሩት (የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ) ፈተና የመመርመር ሥራ ለሥነ ልቦና ባለሙያዎች ብቻ ሰጥቶ፣ በትምህርት ዘርፍ የሠለጠኑትን መርማሪዎች ገበያ ዘግቶባቸው ነበር። ፍርድ ቤቱ ሙያን ከሰው የሚነጥቅ ነገር በሚኒስቴር ወረቀት አይወጣም፣ ሕግ ያስፈልገዋል አለ። በ2002 ደግሞ ክኔሴት ያለ ፈቃድ ሲያሰራጭ ለኖረ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ በሕግ የሰጠውን ፈቃድ ሻረ፤ ወረፋ ጠብቀው ፈቃድ ያላገኙትን ሌሎች በድሏልና።

> ፍርድ ቤቱ ፈቃድን አልጠላም። የጠላው ምክንያቱን መናገር የማይችል ፈቃድን ነው።

ፋርማሲስቱ፣ ታክሲ ነጂዎቹና ሹሩባው

የእስራኤል ዳኞች «ከሚያስፈልገው በላይ አይለፍ» የሚለውን ሚዛን ካጠኑባቸው አገሮች አንዷ ጀርመን ናት። ጀርመን ውስጥ ሚዛኑ በሙያ ነፃነት ላይ የጸናበት መዝገብ ስለ ስደተኛ ነው። ከምሥራቁ ክፍል የመጣ አንድ ፋርማሲስት በ1956 ባቫሪያ ውስጥ ትራውንሮይት በምትባል ትንሽ ከተማ መድኃኒት ቤት ልክፈት ብሎ ጠየቀ። ከተማዋ ወደ ስድስት ሺሕ የሚጠጋ ሰው፣ አንድ መድኃኒት ቤት ነበራት። ባለሥልጣኑ አንዱ ይበቃል፣ ሁለተኛው ሲመጣ ነባሩ ይጎዳል ብሎ ከለከለው። የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በሰኔ 1958 ከልካዩን ድንጋጌ ሻረው። ፋርማሲስት ተምሮ ይምጣ ማለት ሕዝብን ይጠብቃል፤ የተማረውን ሰው «ቦታ ሞልቷል» ብሎ መመለስ ግን ሌላ ነገር ነው። ነባሩን ከውድድር መጠበቅ ብቻውን የሰውን ሙያ ለመዝጋት ምክንያት አይሆንም አለ።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ የከበደ ነው። የበላዩ ፍርድ ቤት ከ1930ዎቹ ጀምሮ በንግድ ሕጎች ላይ ለሕግ አውጪው ያደላል፤ ሕጉ አንዳች የሚታሰብ ምክንያት ካለው ይጸናል። እንዲያም ሆኖ በ2002 ቴኔሲን የሚያይ የይግባኝ ችሎት የሬሳ ሣጥን የሚሸጥ ሰው የቀብር አስፈጻሚ ፈቃድ ያውጣ የሚለውን ሕግ ጣለ፤ አንድን የነጋዴ ቡድን ከውድድር መከለል ተገቢ የመንግሥት ዓላማ አይደለም ሲል። በ2004 ኦክላሆማን የሚያይ ሌላ ችሎት በተመሳሳይ ሕግ ላይ ተቃራኒውን ወሰነ። ልዩነቱ እስከ ዛሬ አልተፈታም።

ለእኛ የቀረበው ግን የዴንቨር ታሪክ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሌላ ሰው ታክሲ ሲነዱ የነበሩ አራት ሰዎች የራሳቸውን የታክሲ ድርጅት ለማቋቋም አመለከቱ። አንዱ ኢትዮጵያዊ ነበር። ከተማዋ ውስጥ ወደ ሃምሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አዲስ የታክሲ ድርጅት አልተፈቀደም። ሕጉ አመልካቹ ነባሮቹ ሕዝቡን ማገልገል እንዳልቻሉ ያስረዳ ይላል፤ ይህም ገና ያልተፈቀደለት ሰው በተፈቀደላቸው ሰዎች ላይ እንዲመሰክር ማስገደድ ነው። ተከለከሉ፣ በ1993 ከሰሱ፣ በመጀመሪያው ፍርድ ቤትም ተሸነፉ። ግን ጩኸታቸው ተሰማ። የኮሎራዶ ሕግ አውጪ በ1994 ሕጉን ለወጠ፤ በ1995 «ፍሪደም ካብስ» ብለው የሰየሙት ድርጅታቸው መንገድ ወጣ። ችሎት ተሸንፈው ጉዳዩን አሸነፉ።

በራማት ቬርበር ሹሩባ የምትሠራ ወጣት ይህን ስትሰማ የዩታውን ታሪክ ብትወድ አይገርምም። ከሴራሊዮን የተሰደደች አንዲት ሴት ከሕፃንነቷ የለመደችውን የአፍሪካ ሹሩባ ቤቷ ሆና ስትሠራ፣ የግዛቱ ባለሥልጣን የውበት ሳሎን ፈቃድ አውጪ አላት። ለዚያ የሚያስፈልገው ሁለት ሺሕ ሰዓት ትምህርት ነው፤ ትምህርቱ ደግሞ ስለ ኬሚካልና ስለ ጥፍር እንጂ ስለ ሹሩባ ይህ ነው የሚባል ነገር የለውም። በ2012 የፌዴራል ዳኛ ሕጉ እሷ ላይ ሊተገበር አይችልም ብሎ ፈረደላት።

ኢትዮጵያም መብቱን ጽፋለች። በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ዜጋ በፈቀደው የኢኮኖሚ ሥራ በአገሪቱ በየትም የመሰማራትና ሙያውን የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አጥንቶ ያቀርብለታል። ንግድ ፈቃድ የተከለከለ ባለሱቅ ጉዳዩን ይዞ ወደ ፖለቲካዊ ምክር ቤት መሄዱ መንገዱን ያረዝምበታል። በዚህ ረገድ የእስራኤል ነዋሪ የተሻለ ዕድል አለው ባይ ነኝ።

ማኅተሙን የያዘው ማነው?

ፈቃድ ሁልጊዜ ከከተማ አስተዳደሩ አይመጣም። ጎንደር ውስጥ የቤተ እስራኤል ቄሶች አጋብተዋል፣ ፈተዋል፣ አስታርቀዋል። እዚህ የአይሁዳውያን ጋብቻ ምዝገባ በዋናው ረቢናት እጅ በመሆኑ ቄሶቹ በራሳቸው ሥልጣን ጋብቻ ሊያስመዘግቡ አልቻሉም። በአንድ አውሮፕላን በረራ ሙያቸውም ማዕረጋቸውም ቀነሰ። ይህን የሃይማኖት ክርክር ነው የሚሉ አሉ፤ ነው። ግን አንድ ተቋም ማኅተሙን ብቻውን ሲይዝ ከማኅተሙ ውጭ የቀረው ባለሙያ ምን እንደሚሆንም ያሳያል።

በካሽሩት (በምግብ ኮሸርነት) ጉዳይ ማኅተሙ ትንሽ ተነቃንቋል። የ1983ቱ ሕግ ያለ ረቢናት የምስክር ወረቀት «ኮሸር ነኝ» ብሎ መጻፍን ከለከለ። የኢየሩሳሌም ምግብ ቤት ባለቤቶች፣ እሺ ኮሸር አንልም፤ ግን ምግባችንን እንዴት እንደምናዘጋጅ እውነቱን እንጻፍ አሉ። ባጋጽ በ2016 ከለከላቸው። በ2017 በሰፊ ችሎት ዳግም ታይቶ አምስት ለሁለት በሆነ ድምፅ፣ የምስክር ወረቀት እንደሌላቸው በግልጽ እስከጻፉ ድረስ የሚከተሉትን ሥርዓት ማሳወቅ እንደሚችሉ ተወሰነ። ሕጉ የወጣው ሸማቹ እንዳይታለል ነው፤ እውነት የተነገረው ሸማች ደግሞ አልተታለለም።

የግል ማኅተምም አለ፤ እሱ ሊብስ ይችላል። በ2018 አንድ ትልቅ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ጥብቅ ከሆነ የግል ካሽሩት አካል ማኅተም ለማግኘት ሲል ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቹን ወይኑን ከሚነኩበት ሥራ አንሥቶ ወደ ሌላ ማዛወሩ ተገለጠ። የሴፋርዲሙ ዋና ረቢ ራሳቸው ይህን ዘረኝነት ብለው ኮነኑት። ያን ሰሞን በየቡናው የነበረው ቁጣ አይረሳም። የምስክር ወረቀት የሚሰጥ አካል የሰውን እጅ የመመዘን ሥልጣን አለው፤ ለማን መልስ እንደሚሰጥ ካልታወቀ ሚዛኑ የት ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም።

አረንጓዴው ቁጥር

ወደ ሞኒቱ እንመለስ። ታክሲ መንዳት የራሱ መንጃ ፈቃድ፣ የራሱ ኢንሹራንስ፣ የመኪና ምርመራ አለው፤ እነዚህ ተሳፋሪውን ይጠብቃሉ። ቁጥሩ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለ ነጂው ችሎታም ስለ መኪናው ፍሬንም አይናገርም፤ የሚናገረው ስንት ታክሲ መንገድ ላይ እንደሚኖር ነው። ለዚህም ነው የሚሸጠው፣ የሚከራየው። የችሎታ ማረጋገጫ አይከራይም፤ ቦታ ግን ይከራያል።

ነጂዎቹ በጉዳዩ ላይ አንድ ቃል የላቸውም። ቁጥር ተከራይቶ የሚነዳው ወጣት በሩ ቢከፈት ይወዳል። ዓመታት ቆጥቦና ተበድሮ ቁጥር የገዛው ጎልማሳ ደግሞ የልቤ ሰላም ያ ቁጥር ነው፣ ዋጋው ከወደቀ ብድሬን ማን ይከፍላል ይላል። ኡበር በእስራኤል በግል መኪና ሰው ማመላለስ ሲሞክር በ2017 የቴል አቪቭ ፍርድ ቤት አስቆመው፤ ነጂዎቹ የተሳፋሪ ፈቃድና ተገቢው ኢንሹራንስ የላቸውም ተብሎ። ያን ቀን ደስ ያለው ጎልማሳው ነው። ሁለቱም አንድ ምኩራብ ይጸልያሉ፣ በአንድ ለቅሶ ይቀመጣሉ። ማናቸውንም ስግብግብ ማለት ግፍ ነው።

እኔ ቁጥሩ ሳይገባው እንደ ርስት ሆኗል ባይ ነኝ። ተሳፋሪውን የሚጠብቀው ሁሉ ይኑር፣ ይጥበቅም። ቁጥሩ ግን ቀድሞ የገባውን ከኋላ ከሚመጣው ይከልላል፤ ከኋላ የሚመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስደተኛ ነው፣ ገንዘብም ዘመድም የለው።

> የችሎታ ማረጋገጫ አይከራይም፤ ቦታ ግን ይከራያል።

የአርባ አምስት ቀን ደብዳቤ

ፔታ ቲክቫ የ1878 ከተማ ናት፤ የሞሻቮች ሁሉ እናት ትባላለች። ዛሬ ቀላል ባቡሩ ከዚህ ተነሥቶ በቴል አቪቭ በኩል ባት ያም ይደርሳል። ከራማት ቬርበር እስከ ኢየሩሳሌሙ ባጋጽ ያለው መንገድ ግን ለአንዲት እንጀራ ጋጋሪ ሩቅ ነው። ከቤዘራኖ ወዲህ ያነሣናቸው የእስራኤል ከሳሾች በአብዛኛው ማኅበር፣ ኩባንያ ወይም ምግብ ቤት ያላቸው ሰዎች ናቸው። የማኅበረሰቡ ወጣት ጠበቆች ብዙ ደክመዋል፤ በፖሊስ ጥቃት፣ በትምህርት ቤት መድልዎ፣ በቤት ጉዳይ። በሥራ ነፃነት መዝገብ ግን ድምፃቸውን ገና በበቂው አልሰማንም፤ ይህ እንዲለወጥ ከልቤ እመኛለሁ።

ከእነዚህ ጠበቆች ጋር ሲነጋገሩ ብዙው ነገር ኢየሩሳሌም ሳይደርስ ሊያልቅ እንደሚችል ያስረዳሉ። የ1968ቱ የንግድ ቤቶች ፈቃድ ሕግ የሚያስጠብቃቸውን ዓላማዎች በመጀመሪያው አንቀጹ ይዘረዝራል። አካባቢን ከብክለትና ከረብሻ መጠበቅ፣ የሕዝብ ደኅንነት፣ በሥራው ቦታ ላለ ሰው ጥንቃቄ፣ የእንስሳት በሽታን መከላከል፣ የሕዝብ ጤና፣ የግንባታ ሕግን ማክበርና የመሳሰሉት ናቸው። ጎረቤት ሱቅ ገበያ እንዳይቀንስበት የሚል መስመር እዚያ ውስጥ የለም። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ «እዚህ ሰፈር እንዲህ ያለ ሱቅ በዝቷል» ብሎ ሰውን ቢመልስ ሕጉ ያላለውን ተናግሯል።

ሌላም ጥቂት ሰው የሚያውቀው ሕግ አለ። ከ1958 ጀምሮ የመንግሥት ባለሥልጣን በሕግ የተሰጠውን ሥልጣን እንዲሠራበት በጽሑፍ ሲጠየቅ በጽሑፍ መመለስ ግዴታው ነው፤ የአሁኑ ጊዜ ገደብ 45 ቀን ነው፣ ከከለከለም ምክንያቱን መጻፍ አለበት። በመስኮት ላይ በቃል የተነገረ «አይሆንም» ፍርድ ቤት ይዞ የሚሄዱት ነገር አይደለም። የተጻፈ ምክንያት ግን ይመዘናል። የንግድ ፈቃድ ክርክር ለፔታ ቲክቫ ሰው ሎድ በሚገኘው የማዕከላዊ አውራጃ ፍርድ ቤት በአስተዳደር ጉዳዮች ችሎት ይታያል።

የእንጀራዋ ጉዳይ በዚህ መንገድ ቀላል መልስ የለውም፤ ጠበቆቹም ይህን አይደብቁም። ምግብ ነው፤ የጤና ፈቃድ ተገቢ ዓላማ እንዳለው ማንም ዳኛ አይጠራጠርም። የሚጠየቀው ልኩ ነው። በቀን ለብዙ ሺሕ ሰው የሚጋግር ፋብሪካና ለሃያ ጎረቤት የሚጋግሩ እናት በአንድ መስፈርት መለካታቸው ከሚያስፈልገው በላይ አይሆንም ወይ? ንጽሕና የሚያረጋግጥ፣ ወጥ ቤቱን መጥቶ የሚያይ፣ ግን አዲስ ቤት ሥሩ የማይል ቀለል ያለ ፈቃድ ማሰብ አይቻልም ወይ? የ1997ቱ ፍርድ ይህን ዓይነት ጥያቄ መጠየቅን አስተምሯል።

ያው ፍርድ ለሞኒት ሹፌሮቹም የሚለው አለው፤ እዚህ ላይ ጎልማሳውም ወጣቱም ቢያደምጡት እወዳለሁ። የተሻረው ድንጋጌ ጥፋቱ ሙያው ውስጥ የነበሩትን ሰዎች ያለ መሸጋገሪያ መጣሉ ነበር። አንድ ቀን ክኔሴት ወይም ፍርድ ቤት የታክሲ ቁጥርን በር ቢከፍት፣ በመንግሥት ቃል ተማምኖ ተበድሮ የገዛው ሰው በአንድ ሌሊት ባዶ እጁን ይቅር አይባልም። የመክፈያ ጊዜ፣ በደረጃ የሚከፈት በር፣ ለከፈለው ዋጋ የሚታሰብ ካሣ መጠየቅ ይችላል። የገንዘብ አስተዳዳሪዎቹ ማኅበር ያሸነፈው በዚህ ሐሳብ ነው፤ የሹፌሮች ማኅበር የማይጠይቅበት ምክንያት አይታየኝም። ወጣቱ መግባቱን፣ ጎልማሳው አለመውደቁን በአንድ አቤቱታ አብረው ሊጽፉት ይችላሉ።